የድሮ የሲኒማ ወረቀትና ካሴት ላላችሁ፦ ስለ አንድ የፒያሳ ፍሬም ቤት አስተያየት

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ሲባል፣ በሩ ላይ «ፎቶ፣ ፍሬም፣ ስካን» ከሚል ሰሌዳ በቀር ሌላ ስም ያልተጻፈበት ጠባብ ሱቅ አለ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ከሌሎቹ ፍሬም ቤቶች የሚለይበት ነገር የለም፤ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎችና ካባ የደረቡ ሙሽሮች ናቸው። ይህን አስተያየት የምጽፈው ግን ሱቁ ሌላ ቦታ ያላገኘሁትን አንድ ነገር ስለሚያደርግ ነው፤ ያረጀ ወረቀት ይዞ የመጣ ደንበኛ ሲያገኝ ወረቀቱ እንዲያምር ከማሰቡ በፊት እንዳይጎዳ ያስባል፣ የሚጎዳው ሥራ ከተጠየቀም ገንዘቡን ትቶ «ይህን አልሠራም» ይላል።

ወደዚያ የወሰደን ጥምቀት ነው። በጥር 11 ሰሞን ጎንደር ውስጥ እንግዳ የማያሳድር ቤት ጥቂት ነው፤ እኛም ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ለሚመጡ ዘመዶች የእናቴን ቤት የውስጥ ክፍል ቀለም ለማስቀባት ስንዘጋጅ፣ ለዓመታት ማንም ውስጡን ያላየውን ቁም ሣጥን ባዶ ማድረግ ግድ ሆነ። ከሥር፣ ከአሮጌ ጋቢዎች በታች፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ የተቀመጠው የቤተሰባችን የሲኒማ ቅርስ ነበር፦ አባቴ በወጣትነቱ የገባባቸውን ፊልሞች የቲኬት ጉራጅ አንድ በአንድ የለጠፈበት ደብተር፣ እናቴ በተማሪነቷ የሰበሰበቻቸው የሕንድ ተዋንያን ፖስት ካርዶች፣ ታላቅ ወንድሜ ቪዲዮ ቤት ይሠራ በነበረበት ዘመን የተረፉ የቪኤችኤስ ካሴቶች፣ በኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ የተጠቀለለ ቁራጭ የሲኒማ ፊልም፣ በላስቲክ የታሰረ አንድ ትልቅ ፖስተር። እናቴ ካርዶቹን ስታይ ቀለም ቀቢውን ረስታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ «ይቺን'ኮ በሁለት ካርድ ለውጬ ነው ያገኘኋት» እያለች የእያንዳንዷን ታሪክ ትነግረን ጀመር። ዕቃው ተመልሶ ወደ ከረጢት እንደማይገባ ያን ጊዜውኑ ተስማማን።

ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ትዝታ ብቻ አይደለም ብዬ አምናለሁ። የዛሬው ፒያሳ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሩን በያዘበት ጊዜ፣ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው አርክቴክት ባወጣው የከተማ ፕላን መሠረት የተሠራ ሠፈር ነው፤ ሲኒማ ቤቱም ከፖስታ ቤቱ ጋር የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ወራሪው ለራሱ ሰዎች መዝናኛ ብሎ የሠራው አዳራሽ ኋላ የጎንደር ልጆች የዓለምን ፊት ያዩበት መስኮት ሆነ። አባቴ በደብተሩ የለጠፋቸው ጉራጆች ላይ ያለው ሐምራዊ ማኅተም ግማሹ ደብዝዟል፤ ይሁን እንጂ ከአንዳንዱ ጎን በእርሳስ አብሮት የገባውን ጓደኛ ስም ጽፏል፤ በአንዱ ሥር ደግሞ «መብራት ጠፍቶ ሳይጨርስ ቀረ» የሚል ይነበባል። እንዲህ ያለው ወረቀት ከጠፋ ከየትም አይገኝም፤ ፊልሙማ ቢፈለግ ከአንድ ቦታ አይጠፋም፣ ጎንደር ውስጥ ማን ከማን ጋር ገብቶ እንዳየው ግን ከእነዚህ ደብተሮች በቀር የሚናገር የለም።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው፤ ስካነሩንና ኮምፒዩተሩን የምትይዝ አንዲት ወጣት አብራቸው ትሠራለች። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ስንዘረግፍ መጀመሪያ ያነሡት ፖስተሩን ወይም ካርዶቹን ሳይሆን የኒዶ ቆርቆሮውን ነበር። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት፤ ከዚያም የፊልሙን ጫፍ ከመብራቱ ፊት አድርገው ከቀዳዳዎቹ ውጭ ባለው ጠባብ ጠርዝ ላይ በላቲን ፊደል የታተመውን ቃል በአጉሊ መነጽር ፈለጉ። የሚፈልጉት «ሴፍቲ» የሚለውን ቃል ነበር። ምክንያቱን ወዲያው አስረዱን። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ድረስ ለሲኒማ ይሠራበት የነበረው ፊልም ናይትሬት ከተባለ ነገር የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ አንዴ ከተያያዘም የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ከራሱ ስለሚያገኝ ውኃ እንኳ አያጠፋውም፤ በቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጣው አሴቴት ግን እንደዚያ ስለማይነድ ጠርዙ ላይ ያ ቃል ይታተምበታል። የእኛ ቁራጭ ቃሉ ነበረበት፤ እኛም እፎይ አልን።

ሽታው ግን የኮምጣጤ ነበር። አሴቴት ሲያረጅ፣ በተለይ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው፣ የኮምጣጤ ሽታ ያለውን አሴቲክ አሲድ ያወጣል፤ ያ አሲድ ታምቆ ከቀረ ደግሞ መበስበሱን ያፋጥነዋል። የጎንደር አየር ከቆላው ጋር ሲነጻጸር ለዚህ ዓይነት ዕቃ የተሻለ ነው፤ ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሙቀቱ የሚያስጨንቅ አይደለም። የክረምቱ እርጥበት ግን ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የቆመ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ በክዳን የታፈነ ቆርቆሮም የአሲዱን ትነት መውጫ ያሳጣዋል። ባለሙያው ፊልሙን ከቆርቆሮው አውጥተው በወረቀት ፖስታ አደረጉትና ከካርዶቹም ከካሴቶቹም ለይተን እንድናስቀምጠው አዘዙን። ለዚህ ምንም አላስከፈሉንም። ከመመለሱ በፊት በመብራት ላይ አድርገው አሳዩን፤ ክንድ የሚሆነው ቁራጭ ውስጥ አንዲት ሴት ፊቷን ከግራ ወደ ቀኝ ልታዞር ስትጀምር ትታያለች፣ ሳትጨርስም ፊልሙ ያልቃል። ሲኒማ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ስለሚያሳልፍ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይም እያንዳንዱ ምስል ወደ 19 ሚሊ ሜትር ስለሚይዝ፣ አንድ ክንድ ፊልም ማለት ከአንድ ሴኮንድ የማይበልጥ ነገር ነው። ምስሉ በሙሉ ወደ ቀይ ተቀይሯል። በቀለም ፊልም ላይ ያሉት ሦስቱ ቀለሞች እኩል አያረጁም፤ በዚያ ዘመን ፊልሞች ላይ በጨለማ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ሰማያዊ አረንጓዴው ቀድሞ ስለሚጠፋ የሚተርፈው ቅላቱ ነው። ይህን የነገረኝ ሰው የፊልም ትምህርት ቤት መምህር ሳይሆን ፍሬም ሠሪ መሆኑን ሳስበው ለሙያው ያለኝ አክብሮት ከፍ ይላል።

ከዚያ ወንድሜ ብዙዎቻችን የምንጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀ፤ «ካርዶቹንና ደብተሩን ላሚኔት ቢያደርጉልንስ?» አላቸው። ማሽኑ እዚያው ጥግ ላይ አለ፣ ለመታወቂያና ለዲፕሎማ ኮፒ ቀኑን ሙሉ ይሠራበታል። «ልጄ፣ ላሚኔት ያደረግኩት ወረቀት ተመልሶ ወረቀት አይሆንም» አሉት። ላሚኔት ማለት ፕላስቲክን በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ማጣበቅ ነው፤ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚገባ ኋላ ለማስለቀቅ መሞከር ወረቀቱን መቅደድ ነው፣ የድሮ ፎቶም በሙቀቱ ሊጎዳ ይችላል። በፕላስተር መጠገንም እንዲሁ ነው፤ ፕላስተሩ ከዓመታት በኋላ ይረግፋል፣ ሙጫው ግን ቢጫ እድፍ ሆኖ ይቀራል። ይህ ምክር ለእኔ አዲስ ወሬ ብቻ አልነበረም። ከዚህ ቀደም ስሙን የማልጠቅሰው ሌላ ቤት የአያቴን ፎቶ ሳይጠይቀን ቺፕውድ ላይ በኮላ ለጥፎ ሰጥቶን፣ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ፎቶው ተኮማትሮ በመካከሉ ቡናማ ሆኗል፤ ዛሬ ማንም ከእንጨቱ ሊያላቅቀው አይችልም። ብራና ሲፈቅና ሲደጎስ በኖረበት፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ የመላእክት ፊቶች ከጣሪያው ቁልቁል በሚያዩበት ከተማ፣ ለወረቀት እንዲህ ያለ ግዴለሽነት መለመዱ ያሳዝነኛል። ስለዚህ «አልሠራም» ያሉትን ሰው ማመስገን ግዴታዬ ነው።

የሱቁ ዋነኛ ብርታት ፖስተሩ ላይ ታየ። የፊልም አዘጋጁ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ፊልም ፖስተር ነው፤ ወንድሜ ፊልሙ አገር ውስጥ ሲታይ ለምኖ ያገኘው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 እዚሁ ጎንደር የተወለደ ስለሆነ፣ ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ልዩ የዳኞች ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘ ስለሆነ፣ ይህ ወረቀት በጎንደር ቤት ግድግዳ ላይ ቦታ ይገባዋል። ባለሙያው ፖስተሩን ዘርግተው ብዙም ሳያዩ ሊጠቀልሉት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ በንጹሕ ወረቀት ሸፍነው ክብደት አደረጉበትና «ለጥቂት ቀን ይተኛ፣ ጥቅልሉ ይልቀቅ» አሉን። በግድ የተዘረጋ ወረቀት ጠርዙ ይሰነጠቃልና።

አሠራሩን ቆሜ አይቻለሁ። ፖስተሩ ወደ 70 በ100 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከጀርባው ሙሉ ለሙሉ ቢለጠፍ ሥራው ለእርሳቸው ቀላል በሆነ ነበር። እርሳቸው ግን ከላይኛው ጠርዝ ብቻ፣ ከስስ ወረቀት በተቆረጡ ትናንሽ ማንጠልጠያዎች አያያዙት። ሙጫው ከስንዴ ስታርች ራሳቸው አፍልተው የሚያዘጋጁት ነው፤ ጥቅሙም አንድ ቀን ማላቀቅ ቢያስፈልግ በጥቂት እርጥበት መልቀቁ ነው። ታችኛው ጠርዝ ነፃ በመሆኑ ወረቀቱ በክረምት ሲለጠጥ በበጋ ሲሰበሰብ አይጨማደድም። ከዚያ በዙሪያው ወፍራም ነጭ ካርቶን ገባ፤ ይህ ካርቶን ለጌጥ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፣ ዋናው ሥራው ግን ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ ማራቅ ነው። መስታወት በውስጥ በኩል ሲያልበው የነካውን ወረቀት አጣብቆ ይይዛልና። የፍሬሙ ማዕዘኖች ላይ የእንጨቱ መጋጠሚያ በጥፍር ቢዳሰስ ክፍተት የለውም፤ ጀርባውም አቧራና ነፍሳት እንዳይገቡበት በወረቀት ተሸፍኗል። ሲያስረክቡንም ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት ፊት እንዳንሰቅለው፣ ከተቻለም ከውጭ ግድግዳ ይልቅ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ እንድናደርገው ነገሩን። ተራ መስታወት ቀለም የሚያነጣውን የፀሐይ ጨረር በበቂ አያግድም፤ የሚያግደው ዓይነት መስታወት ሱቁ ውስጥ የለም፣ ይህንንም ሳይደብቁ ነው የተናገሩት። ለዚህ ሁሉ 3,800 ብር ከፍለናል። ርካሽ አይደለም፤ ሥራውን ካየሁ በኋላ ግን ብዙ ነው ልል አልችልም።

የካርዶቹ ስካንም በአብዛኛው አጥጋቢ ነው። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስለተነሡ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነችው ካርድ ከ3,500 ነጥብ በላይ ርዝመት ያለው ምስል ትሰጣለች፤ አስፋፍቶ ለማተም ከበቂ በላይ ነው። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ወጣቷ የእያንዳንዱን ካርድ ጀርባ ጭምር ማንሣቷ ነው። የእናቴና የጓደኞቿ የእጅ ጽሑፍ ያለው እዚያ ነውና። በአንዷ ጀርባ «ከፈተና በኋላ ትመለሳለች» የሚል ውል ተጽፎ ተፈርሞበታል፤ ካርዷ ግን እስከ ዛሬ ከእናቴ ጋር ናት። የደብተሩንም ገጾች ጉራጆቹን ሳትነቅል፣ ደብተሩን ከስካነሩ ላይ ሳትጫን፣ ከላይ በካሜራ አነሣቻቸው።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። መጀመሪያ የተሰጠን ፍላሽ ላይ የነበሩት ምስሎች «ተስተካክለው» ነበር፤ የተዋንያኑ ፊት እንደ ሠርግ ፎቶ ጸድቷል፣ ከንፈራቸው ቀልቷል፣ የካርዱ የታጠፈ ጥግም ተሞልቶ አዲስ መስሏል። ሠርግ ለሚያሠራ ደንበኛ ይህ የተለመደ አገልግሎት ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ግን የታጠፈው ጥግም የታሪኩ አካል ነው። ስንነግራት ያልተነካውን ዋናውን ፋይል ወዲያው ሰጠችን፤ ዋናውን ሳታጠፋ ማስቀመጧ ራሱ የሚመሰገን ነው። ቢሆንም ደንበኛ ሳይጠየቅ ማስተካከል ባይጀመር መልካም ነበር። ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ምንም ሳይነካ» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። የአንድ ካርድ ሁለት ገጽ 40 ብር ነው።

የካሴቱ አገልግሎት የሱቁ ደካማ ጎን ነው። ቪኤችኤስ ወደ ፋይል የሚገለበጠው እየተጫወተ ስለሆነ የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ሱቁ ያለው ማጫወቻ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ በመካከል መብራት ከጠፋ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ወረፋው የሚንዛዛው በዚህ ምክንያት ነው። ማጫወቻው ቢበላሽ የሚተካው በቀላሉ አይገኝም፤ እስከ መጨረሻው ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የተገለበጡልን ፋይሎች ድምፃቸው አነስ ያለ ነው፣ ሰው ፈጠን ብሎ በሚንቀሳቀስበት ትዕይንት ላይም የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉ አግዳሚ መስመሮች ይታያሉ፤ ይህ በጥሩ ሶፍትዌር የሚስተካከል ስለሆነ ሊያርሙት በተገባ ነበር። ለአንድ ካሴት 500 ብር መጠየቁም ለዚህ ጥራት ከፍ ያለ ነው እላለሁ።

በዚህም መካከል ግን ያው ጥንቃቄያቸው አልተለያቸውም። ከካሴቶቹ አንዱ በመስኮቱ ሲታይ ጥቅሉ ላይ ነጭ ሻጋታ ነበረበት፤ ባለሙያው ማጫወቻው ውስጥ ሊያስገቡት አልፈቀዱም። ሻጋታው የማጫወቻውን ራስ ስለሚያቆሽሽ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት ይበክላል፣ ቴፑም ሊበጠስ ይችላል። ወንድሜ ግድ የለም ቢላቸውም አልሰሙትም። በዚያ ካሴት ላይ ከቪዲዮ ቤቱ መዝጊያ ቀን የተቀዳ ነገር አለ ብሎ ስለሚያምን ነገሩ ለእርሱ ከባድ ነበር፤ እርሳቸውም ይህን ተረድተው ካሴቱን በደረቅ ቦታ፣ በቁመቱ አቁመን፣ ከሌሎቹ ለይተን እንድናስቀምጠውና አዲስ አበባ በሙያው የሚሠራ ሰው እስክናገኝ ማንም እንዳያጫውተው አሳሰቡን።

የቀረው አስተዳደራዊ ጉዳይ ነው። ቀብድ ግማሽ ይከፈላል። ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ነገር ግን «ልዩ ልዩ ፎቶ» ብለው በአንድ መስመር ስለሚጽፉት፣ ያስረከባችሁትን ዕቃ በዝርዝር ጽፋችሁ አስፈርሙ፤ እኛ እንዲህ ስናደርግ ቅር አላላቸውም። የቀጠሮ ቀን አይከበርም፤ ለፖስተሩ ከተነገረን ጊዜ በላይ ጠብቀናል፣ ጥምቀትም ደርሶ ግድግዳው ባዶውን እንግዳ ተቀብሏል። ለበዓል የምታደርሱት ነገር ካለ ቀደም ብላችሁ ስጡ።

ለፖስተር፣ ለቲኬት፣ ለፖስት ካርድና ለማንኛውም ወረቀት ይህን ሱቅ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለካሴት ግን ሌላ አማራጭ ያለው ሰው አማራጩን ይሞክር። ፖስተር ይዛችሁ ስትሄዱ እንዳይታጠፍ በሰፊው ጠቅልላችሁ በንጹሕ ጨርቅ ያዙት። በዝናብ አትውጡ። ቅዳሜ በገበያው ምክንያት ሱቁ ስለሚጨናነቅ ባለሙያው ዕቃችሁን ቁጭ ብለው የሚያዩበት ጊዜ አይኖራቸውም፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ብትሄዱ ግን አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው አብረዋችሁ ይቀመጣሉ።